«ማርያምን በል!»

አማርኛችን ከተራ ንግግር ለሚያልፍ ቃል ብዙ ስም አለው፤ ስድብ አለ፣ እርግማን አለ፣ ግዝት አለ፣ መሐላ አለ። ስለ ክርስቲያን አንደበት ሲነሣ ዘወትር የሚወገዘው ስድብ ነው። ተሳዳቢ ሰው በሰፈሩ ይታወቃል፤ ይመከራል፤ የንስሐ አባቱም ይገሥጹታል። መሐላ ግን የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የመላእክትን ስም ይዞ ስለሚወጣ ማንም ደፍሮ ጥፋት አይለውም፤ እንዲያውም የመንፈሳዊነት ምልክት የሚመስላቸው አሉ። ለመሆኑ መማል ከክርስትና ጋር ይስማማልን?

የመሐላችንን ሰዋስው ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። «ማርያምን!»፣ «ሚካኤልን!»፣ «እግዜርን!» ስንል ተሳቢውን ተናግረን ግሡን እንውጠዋለን። «ን» አለች፤ ማሰሪያ አንቀጽ ግን የለም። የተዋጠውን አድማጩ ያውቀዋልና ማንም አይጠይቅም። ተናጋሪው የማይታይ ዋስ ጠርቶ አቁሟል። «አባቴ ይሙት» ሲባል ደግሞ ከዋስ አልፎ መያዣ ይቀርባል፤ ብዋሽ የምወደው ሰው ይወሰድብኝ ማለት ነውና። ያለ ዋስና ያለ መያዣ ቃል አይታመንም የሚል ሐሳብ ከሁለቱም በስተጀርባ አለ።

መሐላ በአገራችን መልካም ሥራ አልሠራም ማለቴ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባስነገሩት የክተት አዋጅ ጉልበት እያለው ለቀረ ሰው አማላጅ እንደማይቀበሉ በማርያም ስም ማሉ፤ የዓድዋ ድልም በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ተገኘ። «በሕግ አምላክ!» የሚለው ቃልም ባዶ እጁን የቆመ መንገደኛ የተነሣን ዱላ የሚያስቆምበት ነበር። ማዕድ ላይ «በሞቴ!» ተብሎ የሚቀርበውን ጉርሻ መሐላ ነው ብሎ የሚገፋ ክርስቲያንም ያለ አይመስለኝም። እነዚህ ቃላት ሰውን ለመጠበቅ፣ ለማክበርና ለማስተባበር የተነገሩ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ እውነትን ለማስረገጥ በየዕለቱ የምንምለው ነው።

በተራራው ስብከት ጌታችን በሰማይም፣ በምድርም፣ በገዛ ራስም ቢሆን ከቶ እንዳንምል፣ ንግግራችንም አዎን ወይም አይደለም ሆኖ እንዲያበቃ አዝዟል። ሐዋርያው ያዕቆብ ይህንኑ በመልእክቱ ደግሞታል። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጌታውን ሲክድ ምሎ እንደካደ ወንጌል ይነግረናል። በሌላ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔርን በነፍሱ ላይ ምስክር አድርጎ ጠርቷል። የሰሜን አፍሪካው ሊቅ አውግስጢኖስ የጳውሎስን አብነት ተመልክቶ፣ ክልከላው መሐላ ልማድ እንዳይሆንብን፣ ከልማድም ወደ ሐሰት መሐላ እንዳንወድቅ የተሰጠ ነው ብሎ አስተምሯል። ክርክሩ እንግዲህ የቆየ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከዮሐንስ አፈወርቅ ይበልጥ የደከመ መምህር ግን አላውቅም። በ387 እ.ኤ.አ. የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገልብጦ ነበር። ከተማይቱ የንጉሡን ቅጣት በፍርሃት ትጠብቃለች፤ ሽማግሌው ጳጳስ ፍላቪያኖስ ምሕረት ሊለምኑ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደዋል፤ ወቅቱም ጾም ነው። ያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ዮሐንስ የተጨነቀውን ሕዝብ በ21 ያህል ስብከቶች አጽናና። ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ ምን ብሎ ሰበከ? ደጋግሞ ያዘዘው መሐላን እንዲተዉ ነበር! በአንዱ ስብከቱ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ በወጭት ላይ እንዳለች በዓይነ ሕሊናቸው እንዲይዟት ነገራቸው፤ ነቢዩን ያስገደለው ሄሮድስ ለዘፋኟ የማለው መሐላ ነውና፣ ያች ራስ ገዳዬን መሐላን ጥሉ እያለች እንደምትጮኽ አድርገው እንዲሰሟት።

ዮሐንስ አፈወርቅ በዚህ አላበቃም፤ የሚምለውን ብቻ ሳይሆን የሚያስምለውንም ከሰሰ። የኛም ትልቁ ሕመም እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። አንድ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መሐላን ለመተው ቢቆርጥ፣ ከደጁ ሳይርቅ የሚገጥመው ጥያቄ «እስቲ ማርያምን በል!» የሚል ነው። ዝም ቢል ዋሾ ይባላል። ነጋዴው «ማርያምን፣ በመጣበት ዋጋ ነው የሰጠሁህ» የሚለው ገዢው ያለዚያ ስለማያምነው ነው፤ ገዢው የማያምነውም ነጋዴው ትናንት ስለ ማለ ነው። እንዲህ እያለ የእመቤታችን ስም የሃምሳ ብር ሻሽ ዋስ ሆኖ ይውላል። የሚምለውን እየወቀስን የሚያስምለውን ዝም ማለት ታዲያ ከምን የመጣ ፍርድ ነው?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህን ለልጆች ማስተማራችን ነው። ብርጭቆ የተሰበረበት ሕፃን «እኔ አይደለሁም» ሲል፣ «ማርያምን በል» እንለዋለን። ልጁ ከዚህ የሚማረው እውነት መናገርን አይደለም። ንግግር ሁለት ዓይነት እንደሆነ ይማራል፤ የሚታመንና የማይታመን፣ ስም የተጠራበትና ያልተጠራበት። እስኪያስምሉት ድረስ የሚናገረው ሁሉ የማይጠየቅበት ነፃ ሜዳ ይሆንለታል። ሲያድግ ስም ጠርቶ መዋሸትን ቢፈራ እንኳ፣ ስም ሳይጠራ መዋሸትን አይፈራም። ጌታችን አዎንን አዎን አድርጉት ያለው ይህን ሜዳ ሊዘጋው ይመስለኛል።

ትእዛዙን ቃል በቃል ይዘው የኖሩ ሰዎችም በታሪክ ታይተዋል። በእንግሊዝ የኩዌከር ክርስቲያኖች በፍርድ ቤት ጭምር አንምልም በማለታቸው በ1662 እ.ኤ.አ. የሚቀጣቸው ሕግ ወጣባቸው፤ ብዙዎችም ታሰሩ። በ1696 ግን በመሐላ ፈንታ ማረጋገጫ ቃል እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። ከነዚሁ ሰዎች መካከል ነጋዴ የሆኑት ለአንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ቆርጠው ያለ ክርክር በመሸጥ ይታወቁ ነበር። ቃሉ አንድ የሆነ ሰው ዋጋውም አንድ ሆነ።

እኔ በፍርድ ቤት የሚሰጠውን መሐላ አልነቅፍም፤ ዳኛው ምስክሩን አያውቀውም፣ በቃሉም የሰው ነፃነት ይወሰናል። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወዳጅና ወዳጅ ግን ለምን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይማማላሉ? ዕለታዊ መሐላ ከክርስትና ጋር አይስማማም የምለው ቃሉ ቅዱስ ስም ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ያለ መሐላ የተነገረውን ቃላችንን ሁሉ ዋጋ ስለሚያሳጣው ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ ለአንጾኪያ ሰዎች በጾሙ ወራት መሐላን ድል እንዲነሡ ይመክር ነበር። እኛም ጾማችን ከሥጋና ከወተት ባሻገር ከመሐላ ቢሆን መልካም ነው። መጀመር ያለበት ግን ከሚምለው ሰው አይመስለኝም። ሰው አንድ ነገር ሲነግረን «ማርያምን በል» ሳንለው እንቀበለው፤ የምንጠራጠር ከሆነም ጥርጣሬያችንን በግልጽ እንንገረው እንጂ የእመቤታችንን ስም በመካከላችን አናቁም። ይህን በቤታችን፣ ከልጆቻችን ጋር ብንጀምረው፣ አዎን ማለት ብቻውን የሚበቃበት ቀን ይመጣ ይሆናል።