ቀስቷ ዜሮ ላይ የደረቀችው ቮልስ

የዛሬው ጠያቂያችን ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ አንድ መምህር ናቸው። በዕቁብ ባጠራቀሙት ገንዘብ አሮጌ ቮልስ ሊገዙ ቀብድ ከፍለዋል። ቆጣሪዋ ላይ 46 ሺህ ኪሎ ሜትር ይነበባል። ሲነዷት ግን የፍጥነት መለኪያዋ ቀስት ዜሮ ላይ ድርቅ አለች። ደላላው «እሱ እኮ የገመድ ነገር ነው፣ ምን አላት!» አላቸው። ባለቤታቸው ደግሞ «ቀብዱ ይቅርብህ፣ ውጣ» ይላሉ። «ማንን ልስማ?» ነው ጥያቄያቸው።

ወንድሜ፣ ደላላው አልዋሸዎትም ይሆናል፤ ግማሹን ግን በሆዱ ይዞታል።

በነዚህ አሮጌ መኪኖች ከጎማ ወይም ከካምቢዮ ተነስቶ እስከ ዳሽቦርድ የሚሄድ፣ በሽፋኑ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ገመድ አለ። ገመዱ መለኪያው ውስጥ ያለችውን ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቷ የአሉሚኒየም ቆብ ሳትነካው ትጎትተዋለች፤ ቀስቷ የተተከለችው ቆቡ ላይ ነው፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመልሳታል። ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ በ1902 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ብልሃት ነው። ልብ ይበሉ! ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም የሚዞረው በዚያው ገመድ ነው።

ስለዚህ ቀስቷን ይተዉና ቁጥሩን ይዩ። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ይንዱ። ቁጥሩ ከዞረ ገመዱ ደህና ነው፤ በሽታው መለኪያው ውስጥ ነውና ለባለሙያ ይሰጣል። ቁጥሩም ቀስቷም ከቆሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመነሻው ነው።

ቮልስ ደግሞ የራሷ አመል አላት፤ ገመዷ የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው። ኮፓውን ሲያወልቁ መሃል ላይ ትንሽ የግራሶ ክዳን ያገኛሉ። የገመዱ ጫፍ በክዳኗ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ወጥቶ በትንሽ ማሰሪያ ይያዛል። ማሰሪያው ከወደቀ ወይም ክዳኗ ላልታ ከጎማው ጋር መዞር ካቆመች ቀስቷም አለቀላት! አዲስ መለኪያ ግዙ የሚባሉ ሰዎች አንዳንዴ የሚጎድላቸው ይህቺው ብቻ ናት።

ክዳኗ ደህና ከሆነች የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ፣ ያንን ጎማ በክሪክ ያንሱ። የፊቱን ኮፈን ከፍተው ገመዱን ከመለኪያው ጀርባ በእጅ ይፍቱ። አንድ ሰው ጎማውን ሲያዞር የገመዱ ጫፍ ከዞረ ጥፋቱ የመለኪያው ነው፤ ካልዞረ ተበጥሷል። (ቀስቷ የምትንቀጠቀጥባችሁ ሌሎች አንባቢያንም ገመዱ ደርቆ ወይም ተጣምሞ እንደሆነ እዩ። ግራሶ ስትቀቡ የላይኛውን ጫፍ አደራ ተዉት፤ ቅባቱ ወደ መለኪያው ወጥቶ ያበላሸዋል።)

እስከዚህ ድረስ ደላላው ልክ ነው፤ ገመድ ይቀየራል። ግን ገመዱ መቼ ተበጠሰ? ባለፈው ወር ወይስ ከስድስት ዓመት በፊት? 46 ሺው የቆመው ገመዱ የተበጠሰ ቀን ነው። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ቮልሶች ቆጣሪ 5 አሃዝ ብቻ ስለሆነ 99,999 ላይ ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል። 146 ሺህ ወይም 246 ሺህ ቢሆንስ? ደግሞ ይህች ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየር ያለባት ናት፤ በፋብሪካ ሥሪቷ ወንፊት እንጂ የዘይት ፊልትሮ የላትም። ቆጣሪ የሌለው ሰው በምን ቆጥሮ ይቀይርላታል?

እንግዲህ ሞተሯን ራሷን ይጠይቋት። አጥፍተው፣ ከኋላ በታች በኩል ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር በሁለት እጅ ጨብጠው ይግፉ፣ ይሳቡ። ወዲያ ወዲህ እያለ «ኳ» ካለ የውስጥ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ ያ የገመድ ዋጋ አይደለም፣ ሞተር የሚያስወርድ ነው። ዝም ካለ ደግሞ ደስ ይበልዎት፤ ቢሆንም ዋጋውን ሲደራደሩ 46 ሺህ የሚለውን ቁጥር እንደሌለ ቆጥረው ይከራከሩ።

ሻጩ ጎማዋን በክሪክ ማንሳትም ሆነ መዘውሩን መነካካት «አይቻልም» ካለዎት ግን ባለቤትዎን ይስሙ።