ወዙን ማጠብ ማደስ አይደለም



ባለፈው ወር በውይይት ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ጓድ በሰው ፊት ለጠየቀኝ ጥያቄ በዚህ ዓምድ መልስ ለመስጠት ተነሥቻለሁ። ጥያቄው «አንተ ከአገር የወጣኸው ለትምህርት ነው ወይስ የሞቱ ሰዎች ያጨሱበትን ፒፓ ለመጠራረግ?» የሚል ነበር። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል ብዬ አመንሁ። አሮጌ ዕቃን እንዴት እናድሳለን ማለት በመሠረቱ በዕቃው ውስጥ የተከማቸውን የሰው ድካም እናከብራለን ወይስ እንሰርዛለን ማለት ነውና።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አሮጌ የሜርሻውም ፒፓ መጠገን አለበት፤ አዲስ መምሰል ግን የለበትም። ሰብሳቢም ቢሆን ፒፓውን ከያዘ ዘንድ ድንጋዩን የቆፈረውን፣ የቀረጸውንና የያዘውን ሰው ታሪክ የቻለውን ያህል መያዝ ግዴታው ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ዕቃ አከማቸ እንጂ ቅርስ ሰበሰበ አይባልም።

በመጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ጥቂት ልበል። ሜርሻውም በጀርመንኛ «የባሕር አረፋ» ማለት ነው። ነጭና ቀላል ከመሆኑ የተነሣ የደረቀው ቁራጭ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። በ1847 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግሎከር የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ ሴፒዮላይት የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ማግኒዥየም፣ ሲሊካና ውሃ የተዋሐዱበት፣ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ማዕድን ነው። ቱርኮች ሉሌታሺ፣ ማለትም የፒፓ ድንጋይ ይሉታል፤ «ነጭ ወርቅ» የሚልም የቁልምጫ ስም አለው። እኛ ከምንማርባት ከእስኪሼሂር ከተማ ወጣ ብሎ ቤያዛልትን የምትባለው መንደር ስሟ ይኸው ነጭ ወርቅ ነው።

ወርቁ ግን በቀላሉ አልተገኘም። ድንጋዩ ከመሬት በታች በጭቃ ውስጥ እንደ ድንች ተበታትኖ ይገኛል። አንዱ የለውዝ ፍሬ ያህላል፣ ሌላው የሰው ራስ ያህላል። ቆፋሪው ጠባብ ጉድጓድ ቁልቁል ይቆፍርና ከታች ወደ ጎን ዋሻ እያበጀ፣ ጎንበስ ብሎ ወይም ተንበርክኮ፣ በእጅ መሣሪያ ጭቃውን ይፈልጣል። ድንጋይ ያገኝ እንደሆነ ወይም ቀኑን ሙሉ ጭቃ ብቻ ያወጣ እንደሆነ አስቀድሞ አያውቅም። የወጣው ድንጋይ እርጥብ ሳለ እንደ ሳሙና በቢላዋ ይቆረጣል። ቀራጩ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ ያደርቀዋል፤ በቀለጠ የንብ ሰም ውስጥ ያጠልቀዋል፤ በመጨረሻም ወልውሎ ያበራዋል።

ይህ ድንጋይ በ18ኛውና በተለይም በ19ኛው መቶ ዘመን ጥሬውን በሣጥን እየታሸገ ወደ ቪየና ይላክ ነበር። የቪየና ቀራጮች የአንበሳ ራስ፣ የአዳኝና የውሻ፣ የሴትና የንጉሥ ምስል እያወጡ አስደናቂ ሥራ ሠሩ። በ1873 በዚያች ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የሜርሻውም ፒፓዎች ከታዩት የእጅ ሥራዎች መካከል ነበሩ። ዛሬ በየጥንታዊ ዕቃ መደብሩ የምናገኛቸው፣ በቆዳ በተለበጠና ውስጡ ከፋይ በተነጠፈበት ማኅደር የተቀመጡት ፒፓዎች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። የማኅደሩን ክዳን ስንከፍት የቪየና ወይም የሌላ አውሮፓዊ ከተማ ነጋዴ ስም በወርቅ ቀለም ታትሞ እናያለን። የእስኪሼሂር ቆፋሪ ስም ግን የትም የለም።

የፒፓው አመጣጥ ተረት ራሱ ይህንኑ ያሳያል። ተረቱ እንደሚለው በ1723 ገደማ ከቱርክ ምድር በስጦታ የመጣ ድንጋይ ለአንድ የሀንጋሪ መስፍን ተሰጠ፤ መስፍኑም ለአንድ ጫማ ሰፊ ሰጥቶ ፒፓ አሠራው። የጫማ ሰፊው እጅ ሰም ነበረበትና ሰም የነካው ቦታ ሲጤስ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ፒፓውን በሰም መቀቀል ልማድ ሆነ ይባላል። የታሪክ ሰዎች ይህን እንደ እውነት አይቀበሉትም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በተረቱ ውስጥ መስፍኑም ስም አለው፣ ጫማ ሰፊውም ስም አለው፤ ድንጋዩን ከጉድጓድ ያወጣው ሰው ግን በተረት እንኳ ቦታ አላገኘም።

የቱርክ መንግሥት በ1970ዎቹ ጥሬ ድንጋይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የቅርጽ ሥራው ማዕከል እስኪሼሂር ሆነች። ጥሬ ቡና በጆንያ እየጫነ ሌላው ቆልቶ ሲሸጥበት ላየ አገር ልጅ የዚህ እርምጃ ትርጉም አይጠፋውም። ሆኖም እርምጃው ሁሉን ነገር አልፈታም። ፒፓ የሚያጤስ ሰው ቀንሷል፤ ጉድጓድ ለመውረድ የሚፈቅድ ወጣትም ጥቂት ነው። ስለዚህ የቀሩት አሮጌ ፒፓዎች የአንድ እየመነመነ ያለ ሙያ ምስክሮች ናቸው። ምስክርን ደግሞ አፉን ማበስ ይቻል ይሆናል እንጂ ምላሱን መቁረጥ አይገባም።

ይህን የምለው ራሴ ጥፋት ከሠራሁ በኋላ ነው። እዚህ በመጣሁበት በመጀመሪያው ክረምት የቤት አከራዬ፣ «አምጃ» እያልሁ የምጠራቸው ሽማግሌ፣ የአባታቸውን ፒፓ አሳዩኝ። ምንም ምስል የሌለው ልሙጥ ፒፓ ነበር። አባታቸው በጉድጓድ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ነጋዴው ስንጥቅ አለበት ብሎ የጣለውን ድንጋይ አንድ ቀራጭ ወዳጃቸው ፒፓ አድርጎ ሰጥቷቸው ነበር። እኔም ውለታ የመለስሁ መስሎኝ «አድስልዎታለሁ» ብዬ ወሰድሁት። ውጩን በአልኮል አጠብሁ፤ አልለቅ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። በሦስተኛው ቀን እንደ ኖራ ነጭ አድርጌ በኩራት መለስሁላቸው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩት። ጥቂት ዝም አሉና «የአባቴ እጅ የት ሄደ?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድንጋዩ ቀዳዳማ ስለሆነ የትንባሆውን ጭስና ቅባት እየመጠጠ፣ ሰሙም እየረዳው፣ ከነጭ ወደ ማር፣ ከማር ወደ ጥቁር ቀይ ይለወጣል። ይህ ለውጥ የአሥርና የሃያ ዓመት ሥራ ነው። አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ሳይቀር በመልኩ ይለያል። በአማርኛችን «ወዝ» የምንለው ይህንኑ ነው። ሠርቶ አዳሪውን «ወዝ አደር» ያልነውም ያለ ነገር አይደለም። እኔ እድፍ ብዬ ያጠብሁት የአንድ ወዝ አደር ወዝ ነበር፤ እሱንም የሚመልስ ጥበብ የለም።

እንግዲህ ትክክለኛው እድሳት እንዴት ነው? ከዚያ ወዲህ ከቀራጮች አጠገብ ተቀምጬ የተማርሁት ይህን ይመስላል። ከሁሉ አስቀድሞ ማየትና መጻፍ ነው፦ ስንጥቁ፣ ጭረቱ፣ በማኅደሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ሳይነካ ይመዘገባል። ከዚያ ውጩ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ውሃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ ቀራጩ ድንጋዩን ለማለስለስ የሚነክረው በውሃ ነውና እኛም ብንነክረው የጠነከረውን መልሰን እናለሰልሰዋለን። በራሱ ውስጥ የተጋገረው ከሰል በጥንቃቄ ይፋቃል፤ ከሰሉ ከወፈረ ሲሞቅ ግድግዳውን ሊሰነጥቅ ይችላል። የጭሱ መተላለፊያ በሽቦ ላይ በተጠቀለለ ጥጥና በጥቂት አልኮል ይጸዳል፤ አልኮሉ ግን የውጩን ገጽ መንካት የለበትም፤ ሰሙንና ቀለሙን ያነሣል።

መምጠጫው በአሮጌዎቹ ፒፓዎች ላይ ብዙ ጊዜ አምበር ነው፤ አምበር ከጥንት ዛፎች ሙጫ የጠጠረ፣ በቀላሉ የሚሰበር ቢጫ ነገር ነው። ከተነቀለ በኋላ በጨው በጠገበ ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ አምበር የመሆን ዕድሉ ብዙ ነው፤ ከሰጠመ ባክላይት ሊሆን ይችላል። አምበር አልኮል አይወድም። ከራሱ ጋር የሚያያዘው ከአጥንት በተሠራ ብሎን ስለሆነ ፒፓው ሞቆ ሳለ መንቀል ጥርሱን ይበላዋል። አዲስ ብሎን ማስገባት ግድ ከሆነ አሮጌው ይጣል አይባልም፤ በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል። በመጨረሻ ስስ የንብ ሰም ይቀባና በለዘብተኛ ሙቀት እንዲሰርግ ይደረጋል። እዚህ ላይ እጅን መሰብሰብ ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው የነጋዴው ነው፦ «ገዢ ንጹሕ ዕቃ ይፈልጋል» ይላል። ነገር ግን አዋቂ ሰብሳቢ በእኩል የጠቆረውን አሮጌ ፒፓ አስበልጦ እንደሚፈልግ ነጋዴውም ያውቃል፤ የሚያነጣው ለማያውቀው ገዢ ነው። ሁለተኛው «ትንባሆ ገዳይ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። እኔ አላጨስም፤ ማንም እንዲያጨስም አልመክርም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው በከለከሉባት አገር ተወልደን ይህን የሚነግረን አያስፈልገንም። ጦርን ለመጠበቅ ግን ጦርነትን መውደድ አያሻም። ሦስተኛው «የመሳፍንትና የከበርቴ ዕቃ ነው» የሚለው የጓዴ ተቃውሞ ነው። ያጨሰው ከበርቴ ሊሆን ይችላል፤ የቆፈረውና የቀረጸው ግን ከበርቴ አልነበረም። ዕቃውን ከናቅን የምንንቀው ማንን እንደ ሆነ እናስብ።

ነገሩ ከእኛ አካባቢም የራቀ አይደለም። ይኸው ድንጋይ በሶማሊያ ኤልቡር አካባቢ ይወጣል፤ የእጣን ማጨሻ ዳብቃድ ይቀረጽበታል። በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር በአምቦሴሊ በኩልም ለፒፓ ተቆፍሯል። በገጠራችንም ከቅል የሚሠራው ጋያ ነበር። ጋያውን የሠራው ማን እንደ ሆነ፣ ቅሉ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ራሱን የትኛዋ ሸክላ ሠሪ እንደ ሠራችው የጻፈ ከመካከላችን ማን አለ? የባለ እጁን ስም መርሳት የቪየና ነጋዴ ጠባይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለአባቱ ወይም ለወዳጁ ስጦታ ሊገዛ ወደ ኦዱንፓዛሪ የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ እዚያው ያለውን የሉሌታሺ ሙዚየም ይጎብኝ፤ ሲገዛም የቀራጩን ስም ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይከፈት። ፒፓም ሆነ የቀንድ ዋንጫ፣ ማንኛውንም አሮጌ ዕቃ የያዘ አባል ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ያዘው የሚያውቀውን ይጻፍበት። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

የአከራዬ ፒፓ እስካሁን ነጭ ነው። ይሁንና ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ፈቅደውልኝ የአባታቸውን ስም፣ የቆፈሩበትን መንደርና ፒፓውን የቀረጸላቸውን ወዳጅ ስም በወረቀት ጽፌ ከፒፓው ጋር በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከታች ደግሞ ወዙን ያጠብሁት እኔ መሆኔን ጨምሬ ፈርሜበታለሁ። ለጠየቀኝ ጓድ መልሴ ይህ ነው።