ዙከርበርግን በቃሉ የሸመደደው የአጋርፋ ተማሪ

ስልክ በእጁ የገባ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ቪዲዮውን ያውቀዋል። ከኋላ ልብ የሚያሞቅ ሙዚቃ፣ ከታች የሚሮጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ መሃል ላይ ካባ የደረበ ቢሊየነር። «በታዋቂ ሰዎች ንግግር እንግሊዝኛ ይማሩ» ይላል። ስቲቭ ጆብስ በስታንፎርድ፣ ቲም ኩክ በኤምአይቲ፣ ማርክ ዙከርበርግ በሃርቫርድ። የመጨረሻው ንግግር፣ ግንቦት 17 ቀን 2009 ዓ.ም. የተደረገው፣ ስለ ሕይወት ዓላማና ስለ ቴክኖሎጂ ስለሚያወራ ለዚህ ገበያ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ተማሪው ደብተሩን ይዘረጋል። «ፐርፐዝ» ዓላማ። «ኮሚዩኒቲ» ማኅበረሰብ። «ኦቶሜሽን» የሰውን ሥራ በማሽን መተካት። ዛሬ ሃምሳ ቃል፣ ነገ ሃምሳ ቃል።

ልጁ ጎበዝ ነው። ነውሩ የእሱ አይደለም፤ ይህን እንደ እንግሊዝኛ ትምህርት የሸጡለት ሰዎች ነው።

ይህ ተማሪ አጋርፋ ላይ ነው እንበል፤ ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ በባሌ ደጋ ስንዴ መሃል። እዚያ አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። መማሩም ተገቢ ነው፤ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ነገሩ ይገባዋል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ወስዷል፤ ነገር ግን መምህሩ ራሱ በቋንቋው ለመናገር በሚያፍርበት ክፍል ውስጥ ነው የወሰደው። ከዚያ ብሔራዊ ፈተና ይመጣል። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ያቃተው ተማሪ ግን መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይጠቅመዋል? ለዚህ ልጅ ነው እንግዲህ «ዓላማህን አግኝ» የሚል ቪዲዮ የሚላክለት። መምህርና መጽሐፍ ያልሰጠው አገር ተነሳሽነት ያድለዋል። ሲወድቅም ጥፋቱ የእሱ ይሆናል፤ ዓላማ አልነበረውማ!

ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ኦቶሜሽን» የሚለውን ቃል ልጁ የሸመደደው ሾፌር ስለሌላቸው የአሜሪካ መኪኖች እየሰማ ነው። አጋርፋ ላይ ግን ኦቶሜሽን ከዙከርበርግ ቀድሞ ገብቷል። በመኸር ወቅት ኮምባይነሩ ማሳው ዳር ይቆማል፤ ሒሳቡ በኩንታል ነው። ያ ማሳ ድሮ አጫጅ ይጠራበት ነበር፤ ደቦ ይወጣበት ነበር፤ አውድማ ይለቀለቅበት ነበር። ማጭድ ይዞ ለቀን ሥራ ይመጣ የነበረው ሰው የት ሄደ? እርሻው ዳገት የሆነበት፣ ኮምባይነር የማይወጣለት ገበሬስ? በሌላ በኩል ዝናብ ሳይቀድመው እህሉን ጎተራ ያስገባው ሰው ማሽኑን ይመርቃል። ልጁ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቷል። በሁለት ገጽ እንግሊዝኛ እንዲጽፈው ግን የጠየቀው የለም። «ኮምባይነር» እያለ ሲጠራው ያደገው ነገር ራሱ ከእንግሊዝኛ የመጣ መሆኑን፣ ማጨዱንና መውቃቱን አንድ ላይ ስለሚያዋህድ ይህ ስም እንደወጣለት የነገረውም የለም።

ሌላ ምሳሌ። «ረስት» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው «ዝገት» ነው። የባሌ ገበሬ ግን በዚህ ቃል የሚጠራውን ነገር «ዋግ» ብሎ ያውቀዋል። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የባሌንና የአርሲን ስንዴ አርግፎታል። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና «ዲገሉ» የተባለውን፣ ገበሬው አምኖ የዘራውን ዝርያ ጨረሰው። ስለዚህ በሽታ ከሮቤ አጠገብ ያለው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። አጋርፋ ራሷ በደርግ ዘመን የገበሬዎች ማሠልጠኛ የነበረና ዛሬ የግብርና ኮሌጅ የሆነ ተቋም አላት። አባቱ ማሳ ላይ ስለደረሰው ጥፋት የተጻፈውን ማንበብ ያልቻለ ልጅ፣ ስለ ካሊፎርኒያ ሕልም አሥር ደቂቃ በቃሉ ይወጣል። ይህን ትምህርት ብለን እንጥራው?

«ታዲያ ተማሪው ስለ ስንዴ ብቻ ያንብብ? ዓለምን አይወቅ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የሃርቫርዱ ንግግር መጥፎ ጽሑፍ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቃላቱ ይደጋገማሉ፤ ለጀማሪ ይመቻል። ችግሩ ተቆርጦ መሸጡ ነው። ሰው የሚቀባበለው የናሳውን የጽዳት ሠራተኛ ታሪክ ነው፤ ኬኔዲ «ምን ትሠራለህ?» ቢሉት «ሰው ጨረቃ ላይ እንዲወጣ እያገዝኩ ነው» አለ የተባለውን። (ተፈጽሟል አልተፈጸመም የሚለውን ለታሪክ ሰዎች እንተወው።) እዚያው ንግግር ውስጥ ግን ዙከርበርግ ሌላ ነገር ተናግሯል። በልጅነቱ ቤተሰቡን ማስተዳደር ግዴታው ቢሆን ኖሮ፣ ኮድ ለመጻፍ ጊዜ ባያገኝ ኖሮ፣ ቢወድቅ የሚይዘው እንዳለ ባያውቅ ኖሮ እዚያ መድረክ ላይ እንደማይቆም አምኗል። ጥረት ብቻውን እንዳላበቃው፣ ዕድልም እንደነበረው ራሱ ቢሊየነሩ መሰከረ። ይህን ከትምህርት ቤት መልስ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቢያነበው ምን ይል ነበር? ለእሱ ከሁሉም ይበልጥ የሚመለከተው አንቀጽ ይህ ነው፤ አነቃቂዎቹ ግን የሚሸጡት ተቃራኒውን ነው።

«ኮሚዩኒቲ» የሚለው ቃልም አለ። ሰውየው በዚያ ንግግር ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ ስለመገንባት ሰብኳል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኩባንያው ላይ ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ ቀረበ። ከከሳሾቹ አንዱ በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ የተገደሉት የኬሚስትሪ መምህር፣ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ልጅ ነው። ክሱ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ጦርነት ወቅት የጥላቻ መልእክቶችን አስፋፍቷል የሚል ነው። ኩባንያው ጉዳዩ በኬንያ ሊታይ አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

አንድ የአጋርፋ መምህር ንግግሩንና ይህን ውሳኔ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ ተማሪዎቹን በሁለት ወገን ከፍሎ በእንግሊዝኛ ቢያሟግታቸው፣ «ኃላፊነት» የሚለውን ቃል ማንም መሸምደድ አያስፈልገውም ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ወረቀት፣ ስልሳ ተማሪ ያልታጨቀበት ክፍልና በራሱ እንግሊዝኛ የማያፍር መምህር ነው። የመጀመሪያው በነጻ ይገኛል። ሁለቱን ማቅረብ የትምህርት ሚኒስቴርና የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሥራ ነው፤ እነሱም ስለ ተማሪው ተነሳሽነት ማውራቱን ይቀንሱልን።

የናይሮቢው ውሳኔ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በስልክ ይነበባል። ሙዚቃ ግን የለውም።