ተማሪ ቤቶች በምን ሚዛን ይመዘኑ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ማግስት በየዓመቱ የምናየው አንድ ትርኢት አለ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሥሩ ያሉትን ተማሪ ቤቶች ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ከላይ የዋለው ዋንጫ ይሰጠዋል፤ ይጨበጨብለታል። ከታች የዋለው ተማሪ ቤት ርዕሰ መምህር ግን በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ምን ነካችሁ?» ይባላል። እርሱም አቀርቅሮ «ለከርሞ እናሻሽላለን» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሻይ ተጠጥቶ ስብሰባው ይበተናል። ዛሬ የተነሣነው ይህን ሰልፍ ለመቃወም ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር ግልጥ እናድርግ። ፈተናውን አንቃወምም። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት ሾልኮ በየስልኩ ሲዞር፣ መንግሥትም ሰርዞ እንደ ገና ሲያስፈትን ያየ ሰው ቁጥጥሩ ለምን እንደ ጠበቀ አይጠፋውም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየመጣ እንዲፈተን መደረጉ የተሸፈነውን ገለጠው። የተገለጠውም መራራ ነው። በዚያ ዙር ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845,099 ውስጥ 27,267። ከመቶ ሦስት መሆኑ ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ተማሪ ቤቶች 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 8.4 ደርሰዋል። መሻሻሉን አንክድም፤ ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት መውደቃቸውንም እንዲሁ።

አንድ ተማሪ ቤት ሲወድቅ የርዕሰ መምህሩ ስንፍና ነው ቢሉን እንሰማለን። አሥር ሲወድቁ የወረዳው ነው ይበሉን። 1,328 ሲወድቁ ግን ጥፋቱን ለያንዳንዱ ተማሪ ቤት ቆርሶ ማደል እንደምን ያለ ፍርድ ነው?

በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት የመንግሥት ተማሪ ቤቶችን እንውሰድ። ስማቸውን አንጠራም፤ ከሁለቱም የመጡ ጓደኞቻችን ግን በዚሁ ግቢ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አንዱ ልዩ አዳሪ ነው። በ8ኛ ክፍል ከየወረዳው ብልጫ ያገኙትን በመግቢያ ፈተና አበጥሮ ይወስዳል፤ ያበላቸዋል፣ ያሳድራቸዋል፣ ማታ የሚያነቡበት መብራት ይሰጣቸዋል። ሁለተኛው ከገበያው በታች ያለው ነው። እርሱ አይመርጥም። አዳሪው እሸት እሸቱን ከለቀመ በኋላ የቀረውን ሁሉ ይቀበላል። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቁን ከእናቱ ቤት እየተሸከመ የሚመላለሰውን ይቀበላል፤ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የምትገልጠውንም ይቀበላል። ከዚያ የመጣ ጓደኛችን እንደ ነገረን የፊዚክስ መምህራቸው በኅዳር ተዛውሮ እስከ ሚያዝያ ምትክ አልመጣም። «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ግን ነበራቸው፤ የተሰበረ ወንበር ይከመርበታል።

በዓመቱ መጨረሻ አዳሪው ሁሉንም አሳለፈ፤ የገበያው ተማሪ ቤት ሁለት። ዋንጫውን ማን እንደ ወሰደ መናገር አያሻም።

የአዳሪዎቹን ጓደኞቻችንን ድካም አናቃልልም፤ ሌሊት ሲያነቡ አይተናቸዋልና። የምንጠይቀው ሌላ ነው። አዳሪው ተማሪ ቤት በልጆቹ ላይ የጨመረው ምን ያህል ነው? ቀድሞስ ይዘውት የገቡት? የገበያው ተማሪ ቤት ሁለት ልጆች ከተነሡበት ተነሥተው ያን ወንዝ መሻገራቸው የበለጠ የማስተማር ሥራ ሊሆን አይችልምን? አይታወቅም፤ የለካው የለምና።

ይህን ስሕተት የሠራን እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1992 የተማሪ ቤቶችን ውጤት በሰንጠረዥ ማተም ሲጀምሩ በሰንጠረዡ ራስ ላይ የወጡት ብዙዎቹ መርጠው የሚያስገቡትና በሀብታም ሰፈር ያሉት ነበሩ። ከረጅም ክርክር በኋላ በ2016 ልጁ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ስንት እንደ ተራመደ የሚለካ ስሌት አወጡ። ዌልሶች ደግሞ በ2001 ሰንጠረዡን ጭራሽ ተዉት፤ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ኋላ ሲያጠኑት ግን የዌልስ ተማሪዎች ውጤት ከእንግሊዝ ይልቅ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኙት። ስለዚህ «እንግዲያስ ውጤቱ አይታተም» የሚሉ ወዳጆች ቢኖሩን አንተባበራቸውም። ይታተም! ነገር ግን ሙሉው ይታተም።

ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ተማሪ ቤቶችን በአራት ደረጃ ይመድባል፤ አብዛኞቹም ከሚፈለገው ደረጃ በታች መሆናቸውን በይፋ ተናግሯል። እንግዲህ አንዱ ወረቀት «ይህ ተማሪ ቤት ውኃም መጽሐፍም የለውም» ይላል፤ ሌላው ወረቀት «ይህ ተማሪ ቤት ስለምን አላሳለፈም?» ይላል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መሥሪያ ቤት ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በጦርነቱ የፈረሱትን፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በግጭቱ የተዘጉትን ተማሪ ቤቶች አንድ ቀን ካልተዘጋ ተማሪ ቤት ጋር በአንድ መስመር ማሰለፍ ከቶ ምን ይባላል?

እኛም ብንሆን ንጹሓን አይደለንም። ወደዚህ ግቢ ስንገባ «ጎበዝ ስለሆንን ነው» ብለናል። አብረውን በአንድ ወንበር የተቀመጡት ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ፤ ከእኅቶቻችንም ወደ ዓረብ አገር የሄዱ አሉ። ከእነርሱ መካከል ከእኛ የሚበልጡ እንደ ነበሩ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ስማቸውንም መጥራት እንችላለን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በየወረዳው በሚለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ ካለፉት ቁጥር ጎን አራት ነገር ይጨመር፤ ተማሪዎቹ በ8ኛ ክፍል ምን ውጤት ይዘው እንደ ገቡ፣ 9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ስንቱ 12ኛ እንደ ደረሱ፣ የትኛው ትምህርት ስንት ወር ያለ መምህር እንደ ቆየ፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ።

ወረዳው እስኪያደርገው ድረስ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን የተማርንበትን ተማሪ ቤት በር እናንኳኳ፤ አራቱን ነገሮች ከመዝገቡ ቀድተን እንምጣ። የከለከለን ካለም መከልከሉን ጽፈን እንምጣ። በጥቅምት በዚህ ጽሑፍ ላይ እናወጣዋለን።