ስልካችንን የት ነው የምንሰካው?

ብዙዎቻችን ቻርጀር ሲጠፋብን ስልካችንን በአሠሪዎቻችን ኮምፒዩተር ላይ እንሰካለን። ያ ገመድ ግን ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም የሚያሳልፈው፤ የፓስፖርታችን ፎቶ፣ የልጆቻችን ምስል፣ ሁሉ በእርሱ ሊሻገር ይችላል። አይፎን ይህን ኮምፒዩተር ታምኚዋለሽ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይጠይቃል፤ እኛም ጽሑፉ ቶሎ እንዲጠፋልን ብቻ «አዎ» እንላለን። እምቢ ብንለውም እኮ ቻርጅ ማድረጉን አይተውም። «ማዳምን መጠርጠር ኃጢአት አይሆንም ወይ?» የሚሉን አሉ። አይመስለንም፤ የራስን ሣጥን መቆለፍ ማንንም መስደብ አይደለም። ደግሞስ በግድግዳው ሶኬት ቢሰካ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሞላል። በአይፎናችሁ «አዎ» ያላችሁ ካላችሁ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁት ኑ፤ ፈቃዱን አብረን እንሰርዘዋለን።