የእግዜር እንግዳ በታኬታ

«ስማኝማ» አለኝ ወዳጄ፣ ሻዩን እያማሰለ። «የዓለም ከተማን ልጆች ጀርመን ወስዶ ኳስ የሚያጫውትልን ሰው ጠፋ?»

«ምነው፣ ምን ሰማህ?»

«ምንም። እህት ከተማ አለን ስትሉ ሰማሁና ነው።»

እውነቱን ነው። ሙኒክ አጠገብ ካለችው ፋተርሽቴተን ጋር በአውሮፓውያኑ 1994 ነው የተዛመድነው። አገራችን መርሐቤቴ ጀርመንኛ የሰማችው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እኛ ካርል የምንለው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም በ1981 ቴሌቪዥን ላይ ተወራርዶ የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ ነው።

«አሥራ አምስት ልጅ ብቻ!» አለ ወዳጄ። «ሆቴል አንጠይቅም። አንዱ ልጅ አንዱ ቤተሰብ ዘንድ ያድራል።»

«ቪዛውስ? አንዱ ጠፍቶ ቢቀርስ?»

«ጀመርክ ደግሞ!» አለና ዝም አለ።

እኔ ግን ቤተሰብ ዘንድ ማደሩን ወድጄለታለሁ። የስዊድኑ ጎቲያ ካፕ ከ1975 ወዲህ የዓለምን ልጆች ለኳስ ጎተንበርግ ይሰበስባል፤ ብዙዎቹ የሚያድሩት ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው ነው። ሰሜን አሜሪካ ያሉት የኛ ሰዎች ይሻላሉ። ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየቀያየሩ በሚያደርጉት ውድድር ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ነው የሚያርፈው።

«ትምህርት ቤት ማደርማ የዞን ውድድር ነው» አለ።

የዞን ውድድር ሲነሳ እኔ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። በልጅነቴ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ደብረ ብርሃን ሄድን። ያደርንበት ክፍል መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት አዩንና ሁለታችንን እጃችንን ይዘው ቤታቸው ወሰዱን። እግራችንን በሙቅ ውኃ አጠቡን። የመንዝ ባና ደረቡልን፤ ክብደቱ በግ ከነነፍሱ የተኛብህ ነው የሚመስለው። የረጠበውን ሸራ ጫማችንን ምድጃው ዳር አስጠጉት። ጠዋት ስነሳ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተቀልብሶ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል።

በዚያው ገባሁ። የሚይዘኝ ተከላካይ «ጭስ ጭስ ትላለህ» እያለ ዘጠና ደቂቃ አላስቀመጠኝም። እናታችንም ሜዳ መጥተዋል። ተጋጣሚያችን የገዛ አገራቸው ልጆች ናቸው፤ እሳቸው ግን እልል የሚሉት ለኛ። ጎረቤቶቻቸው «ምነው እቴ፣ ለማን ነው?» ቢሏቸው፣

«እቤቴ ላደረው ነዋ!»

3 ለ 0 ተሸነፍን። ለተሸናፊ ዶሮ አይታረድም መሰለኝ፣ ማታ ያበሉን ሽሮ ነው።

«እና ምን ልትል ነው?» አለ ወዳጄ።

«እነሱ ይምጡ ልል ነው።»

«እዚህ?»

«አዎ፣ እዚህ። ስንት ዓመት ሙሉ ስንቀበል ኖርን፤ እኛ የምንሰጠው የለንም ያለው ማነው? አባቶቻችን ‹የመሸበት እንግዳ› ላላቸው ‹ቤት የእግዜር ነው› ብለው መደባቸውን ሲለቁ ፓስፖርቱን አልጠየቁም። ልጆቻችን መጀመሪያ አስተናጋጅ ይሁኑ። እንግድነቱ ይደርሳል። ደግሞ እናሸንፋለን።»

«በምን?»

«በአየር። ሙኒክ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ናት፤ እኛ ከ2,000 በላይ ነን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሳንባቸው ያፏጫል።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድንገት ኮስተር አለ።

«የትምህርት ቤት ረፍታቸው መቼ ነው?»

«የባየርን ልጆች ነሐሴን ዝግ ናቸው።»

«ነሐሴ!» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሜዳው ጭቃ፣ ጀማ ሙሉ፣ አገሩ ፍልሰታ ላይ። የሰው ልጅ ከጀርመን አምጥተህ በሽሮ ልታሰነብት ነው?»

«እኔስ በሽሮ አይደል እንዴ ያደርኩት?»

«እሺ፣ ሽሮው ይሁን። ሽንት ቤቱስ?»

እሱ ለቪዛው መልስ እንዳጣ እኔም ለዚህ አጣሁ። የኔ ቤት ሽንት ቤት በሩ ጆንያ ነው። ሻዬን ጨልጬ ጥቂት አሰብኩና፣

«ግቢህ ሰፊ ነው አይደል?» አልኩት።

«ሰፊ ነው።»

«ዶማስ አለህ?»