ወድቃ የቀረች ዳዶ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር፥ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በፍኖተ ሰላም ከተማ ያልፋል። በዚሁ ጎዳና ዳር ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና፥ በላዩም ጐንበስ ያሉ ሦስት አራት ሰዎች ማየት የተለመደ ነው። አንደኛው ሹፌሩ፥ ሁለተኛው ረዳቱ ነው፤ የቀሩት ምክር ለጋሾች ናቸው፤ ምክር ለጋሽ ደግሞ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። ታዲያ ድንገት ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ቅጭል የሚል ድምፅ ይሰማና ሁሉም ጸጥ ይላል። ዳዶዋ ከእጅ አምልጣ ወድቃለች።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው። ዳዶዋ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም፤ ዋጋዋም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ተዋት፥ በመንገድ ላይ ራስዋ ትወድቃለች» ይልና ሌላ ተክቶ ሞተሩን ያስነሣል። ዛሬ ለማስረዳት የፈለግሁት ይህች «ተዋት» የምትባል ቃል ምን ያህል ውድ እንደሆነች ነው።

ዳዶ የሚለው ስም እንደ ካቻቢቴ፥ እንደ ፒንሳና እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በጣሊያንኛ ግን ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ብሎን የምታጠብቀው ብረት ናት፤ ሁለተኛው ቁማርተኞች የሚጥሉት ባለ ስድስት ፊት መጫወቻ ነው። የወደቀችውን ሳያወጣ ሞተር የሚያስነሣ ሰው እንግዲህ በሁለተኛው ትርጉም እየተጫወተ ነው ማለት ይቻላል።

እስኪ እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስቶን በሴኮንድ 50 ጊዜ ወደ ላይኛው ጫፍ ይደርሳል። በናፍጣ ሞተር ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። አምስት ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ዳዶ በዚያ ብትገባ ፒስቶኑን ትቀጠቅጣለች፥ ቫልቩንም ታጣምማለች። ቺንጋው ላይ ብታርፍ ትበጥሰዋለች፤ ቬንትላቶሩ ቢመታት ተወርውራ ራዲያተሩን ልትበሳ ትችላለች፤ በሞተሪኖው የኤሌክትሪክ ጫፎች ላይ ብትጋደም ደግሞ እሳት ታስነሣለች።

ይህ ሁሉ በቆመበት ቢሆን ባልከፋ ነበር። መኪናው ግን ከደጀን ወዲያ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ፥ ወይም ከቡሬ ታጥፎ ወደ ነቀምት የሚያቀና ሊሆን ይችላል፤ በውስጡም ሕዝብ ተሳፍሯል። ሞተር በቁልቁለት ላይ ቢጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይደክማል፥ መሪውም ይከብዳል።

ስለዚህ ዳዶ ስትወድቅ የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። እጅዎን ይሰብስቡ፤ ድምፅዋ ከየት ወደ የት እንደሄደ ያስታውሱ፤ አጠገብዎ ያሉትንም ይጠይቁ። ቁልፉን ከመኪናው ያውጡ። ሞተሩ የጋለ ከሆነ እስኪበርድ ይታገሡ፤ በብዙ መኪናዎች ቬንትላቶሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶም ሳለ በድንገት ሊዞር ይችላልና። በሽቦ ወይም በሌላ ብረት መቆስቆስ ካስፈለገዎት አስቀድመው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱ። ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነው ብለው አይናቁት፤ ሁለቱ ጫፎች በብረት ቢገናኙ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ይለቃል።

ከዚያ በኋላ ፍለጋ ይጀመራል። መኪናውን መነቅነቅ የኋላ ኋላ የሚሞከር እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም፤ በቀላል ቦታ ያረፈችውን ወደ ጥልቅ ሊከታት ይችላልና። በመጀመሪያ መሬቱን፥ ቀጥሎ በሞተሩ ሥር ያለውን መከላከያ ላሜራ ይመልከቱ፤ ከወደቁት ብዙዎቹ የሚገኙት በዚያ ነው። ከዚያም የባትሪውን መቀመጫ፥ የቱቦዎቹን መታጠፊያና ሞተሩ የተቀመጠበትን የብረት ተሸካሚ ይዳስሱ። መብራቱን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ያብሩ፤ የብረቷ ብልጭታ ከጎን ይበልጥ ይታያል። ዐይን በማይደርስበት የጢም መላጫ መስተዋት ወይም የእጅ ስልክ ካሜራ ይግባ።

ከታየች በኋላ ማውጣቱ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የብረት ዳዶ በማግኔት ትሳባለች፤ ማግኔቱም ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ይገኛል። ማግኔቱን በጠንካራ ገመድ ወይም በእንጨት ጫፍ አስረው ይላኩት። በመንገዱ ካገኘው ብረት ሁሉ ጋር እየተጣበቀ ካስቸገረዎት ጎኖቹን በወፍራም ካርቶን ይጠቅልሉና ጫፉን ብቻ ክፍት ይተዉ። ነሐስ፥ መዳብና አሉሚኒየም ግን በማግኔት አይሳቡም፤ ለእነዚህ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ወፍራም ግሪስ ወይም የታኘከ ማስቲካ ለጥፎ መሞከር ይሻላል። ዳዶዋ በካንዴላው ቀዳዳ ወይም በአየር ማስገቢያው በኩል እንደ ገባች ከጠረጠሩ ሞተሩ በእጅም ቢሆን እንዳይዞር፤ የሚያውቅ መካኒክ ይጠራ።

ከመፈለግ ግን አለመጣል ይቀላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለም? ሥራ ሳይጀመር ክፍት ቀዳዳዎች ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ። ዳዶዋ በቡሶላው ውስጥ እንዳትንሸራተት ትንሽ ግሪስ ይቀባላት። በመኪናው ሥር ነጣ ያለ ሸራ ይነጠፍ፤ የተፈታውም ሁሉ እየተቈጠረ በአንድ ሳሕን ይቀመጥ።

የጠፋችው ጨርሳ ባትገኝና ሌላ ቢተካ እንኳ መጠንዋን ብቻ አይተው አይርኩ። ስምንት ሚሊሜትር ከሆኑት ብሎኖች ጥርሳቸው በ1.25 ሚሊሜትር የተራራቀ አሉ፥ በ1 ሚሊሜትር የሆኑም አሉ። አንደኛውን በሌላው ላይ አስገድዶ ማጥበቅ የሁለቱንም ጥርስ ያበላሻል።

ነገሩን አጋነነ እንዳይሉኝ ሁለት ታሪኮች ልጥቀስ። መስከረም 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በአርካንሳስ ግዛት፥ ደማስቆ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ ታይታን 2 የሚባል ሚሳይል በሚጠበቅበት ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ሠራተኛ እጅ ከባድ ቡሶላ አመለጠ። ከ20 ሜትር በላይ ወርዶ የሚሳይሉን የነዳጅ ታንክ በሳው፤ በማግስቱ ሌሊት ሚሳይሉ ፈንድቶ አንድ ሰው ሞተ። እንደዚሁም ነሐሴ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. በጃፓን አገር በናሃ አውሮፕላን ማረፊያ፥ የታይዋኑ የቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 737 መንገደኞቹን ይዞ እንደ ቆመ ተቃጠለ። በክንፉ ውስጥ የወለቀ ብሎን የነዳጁን ታንክ በስቶት ነበር። ብሎኑ እንዲወልቅ ያደረገው በጥገና ጊዜ አንዲት ሮንዴላ ከቦታዋ መቅረቷ እንደሆነ ተገልጿል። ደግነቱ 165ቱም ሰዎች ተረፉ።

አንባቢዬ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ «እኔ መኪና የት አለኝና» ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ገጠር ይወጣሉ፥ በሕዝብ መኪናም ይሳፈራሉ፤ ነገም የሰው አለቃ ይሆናሉ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ታላቁ ነገር ደግሞ ማግኔቱ አይደለም። ዳዶዋን የሚጥላት ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው። ረዳቱ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ሲጥል ጩኸት፥ አንዳንዴም ጥፊ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ስለዚህ ዝም ይልና ከኪሱ ሌላ ዳዶ አውጥቶ ያስራል፤ የወደቀችውም እዚያው ትቀራለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ ልጁን እንዲሸሽግ ያስተማረው ግን የእኛው ቁጣ ነው።

«ጣልሁ» ያለ ልጅ ሊመሰገን እንጂ ሊመታ አይገባውም፤ ሞተሩንም የመንገደኛውንም ነፍስ ያዳነ እርሱ ነውና። እንግዲህ ኮፈኑ ከመዘጋቱ በፊት ረዳቱን በለሰለሰ ቃል «ስንት ፈታህ? ስንት መለስህ?» ብለው ይጠይቁት። ሁለቱ ቍጥሮች ከተስማሙ ቁልፉን ያዙሩ፤ ካልተስማሙ ግን አብረውት ጐንበስ ብለው ይፈልጉ።